አቡጊዳ ያላለ ልጅ

በጥር ወር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አምስት ዓመት ተኩል የሞላው ልጄ በአያቱ ፊት ቆሞ ፊደል ቆጠረ። ከ«ሀ» ጀምሮ እስከ «ፐ» አንዲት ሳይስት፣ በትምህርት ቤቱ በለመደው ዜማ፣ እጁን እያጨበጨበ ተወጣው። እኔ ጓዳ ሆኜ ቡና እየቆላሁ እሰማው ነበርና በጣም ደስ አለኝ። አባቴ እስኪጨርስ ዝም ብለው አዳመጡት፤ «ጎሽ! እደግ!» ብለው መረቁት፤ ከዚያም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ገበታ አስወርደው ጉልበታቸው ላይ አስደገፉት። ከመጥረጊያው አንዲት ጭራሮ መዘዙና ጫፏን «ሹ» ላይ አሳርፈው «ይህቺ ማን ትባላለች?» አሉት።

ልጁ ዝም አለ። ጣቱን ወደ ረድፉ መነሻ መልሶ «ሸ፣ ሹ» አለ። አባቴ ጭራሮዋን ወደ «ጌ» አዛወሩ። አሁንም ወደ መነሻው ሄደና በሹክሹክታ «ገ፣ ጉ፣ ጊ፣ ጋ» ብሎ ቆጥሮ «ጌ!» አለ። ሦስተኛዋ «ቶ» ነበረች፤ በዚህች ጊዜ ረድፏም ጠፋችው፣ ዓይኑን ወደ ገበታው አናት አንሥቶ ከ«ሀ» ሊጀምር ሲል አያቱ ጉንጩን ሳም አድርገው ወደ ጨዋታው ሸኙት። ገበታውንም ለእኔ እያቀበሉኝ፣ እሱ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዜማውን ያውቀዋል ልጄ፤ ከፊደሉ ጋር ግን ገና አልተዋወቁም። አቡጊዳ አላለማ!» አሉኝ።

እኔ መምህርት ነኝ። ከአራት ኪሎ አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 1ኛና 2ኛ ክፍልን ሳስተምር አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ስለ ተማሪ ተኮር ሥነ ዘዴ ስንት ሥልጠና እንደተቀመጥኩ አልቆጠርኩትም፤ ለልጄ የግል ትምህርት ቤት ደግሞ በየወሩ የደመወዜን ሲሶ እከፍላለሁ። ሆኖም ያቺ የመጥረጊያ ጭራሮ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለ ልጄ የነገረችኝን ነገር፣ ሁለት ጊዜ «እጅግ በጣም ጥሩ» ተብሎ የመጣው የውጤት ካርዱ አልነገረኝም ነበር። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ስለዚህ ነገር ማሰብ አልተውኩም።

አቡጊዳ ምን እንደሆነ ላልደረሱበት ወጣት ወላጆች ጥቂት ላስረዳ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሕፃኑ በመጀመሪያ ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው፣ በጠቅላላው 231 ሆሄያትን፣ «ሀ ሁ ሂ» እያለ በተራ ይቆጥራል። ይህን ሲጨርስ ወዲያው ወደ ምንባብ አይሻገርም። የፊደላቱ ተራ ይናጋና «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሚል ሌላ ገበታ ይቀርብለታል፤ ቀጥሎም «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ» ይላል። አንዷ በግዕዝ፣ ሁለተኛዋ በካዕብ፣ ሦስተኛዋ በሣልስ እየሆነች፣ በእያንዳንዷ እርምጃ ፊደሉም ድምፁም አብረው ስለሚለወጡ፣ ተራውን በዜማ ብቻ ይዞ የመጣ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። ከዚህ በኋላ ነው ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት የሚገባው። አባቴ እንደሚሉት አቡጊዳ የተሠራው ጆሮ የዓይንን ሥራ ተደርቦ እንዳይሠራ ነው።

አባቴ የተማሩት ሸዋ ውስጥ በአንዲት የገጠር ደብር፣ ከዋርካ ሥር ነው። ስለዚያ ቦታ ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ሁሉም ልጅ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ነገር እንዲያውቅ የሚጠብቅ ሰው አለመኖሩ ነው። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ከጎኑ ያለው ውርድ ንባብ የሚባለው የንባብ ደረጃ ላይ ደርሷል፣ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል፤ የኔታ አንድ በአንድ እየጠሩ ያዳምጣሉ፣ የበረታው ልጅ የደከመውን ያስቀጽላል፣ ማለትም እየመራ ያስደግመዋል። «ዘገየ» የሚባል ልጅ ቢኖርም ከክፍል የሚወድቅበት ምክንያት አልነበረም፤ እስኪያውቀው ድረስ እዚያው ላይ ይቆያል። ነገር ግን ይህን የምለው ወደ ዋርካው ሥር እንመለስ ለማለት አይደለም። አባቴ ዛሬም ድረስ ግራ እጃቸው ላይ የአርጩሜ ጠባሳ አላቸው። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ሲደግሙ የሚሉት ነገር ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም ነበር፤ የግዕዙን ትርጉም የሚያስተምራቸው ሰው ሳያገኙ ደብሩን ለቅቀው አዲስ አበባ ገቡ። ሁለት እኅቶቻቸው ደግሞ ያንን ገበታ ከሩቅ ነው ያዩት፤ ሴት ልጅ ከውኃና ከእንጨት ለቀማ ተርፋ የኔታ ዘንድ የምትቀመጥበት ጊዜ አልተሰጣትም። ያንን ትምህርት ቤት ደግ አድርጎ ብቻ መሣል እነዚያን ሁለት አክስቶቼን መርሳት ይሆንብኛል።

እንግዲህ ዘመናዊ የምንለው ትምህርት ወደዚህች ከተማ ሲገባ ምን ይዞ ገባ? በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በኩል አልፋለሁና ይህ ጥያቄ ከእኔ ጋር ይሄዳል። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያዎቹ መምህራኑ ከግብጽ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ፤ ከአማርኛና ከግዕዝ ጎን ለጎን ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዓረብኛ ይሰጥ ነበር። አገሪቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚነጋገርላት ሰው በብርቱ ያስፈልጋት ስለነበር ይህ ተገቢ ነበር። አባቶቻችን ትምህርት ቤቱን «አስኳላ» ሲሉት ቃሉ ራሱ ከፈረንጅ አፍ የተወሰደ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን በዚያን ጊዜ በአእምሯችን የተቀረጸ አንድ ነገር እስከ ዛሬ አለቀቀንም፤ ይኸውም «ዘመናዊ ትምህርት ማለት የውጭ ቋንቋ ማለት ነው» የሚለው ነው። ልጅ እንዴት እንደሚማር ሳይሆን በምን ቋንቋ እንደሚማር፣ ያ ሆነ መለኪያችን።

ይህ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በእኛ አቆጣጠር 1899 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ጣሊያናዊት ሐኪም በሮም ከተማ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሠፈር፣ ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ያለ ጠባቂ የሚቀሩ ሕፃናትን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስባ ማስተማር ጀመረች። ልጆቹ የሚነኩት፣ የሚያነሡትና የሚጥሉት ዕቃ ሰጥታ፣ ምን እንደሚያደርጉበት በትዕግሥት ተቀምጣ ተመለከተች። ፊደላትን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጣ በሰሌዳ ላይ ለጠፈች፤ ሕፃኑ ሻካራውን ፊደል በጣቱ እየተከተለ ድምፁን ይላል። እርሳስ ከመያዙ በፊት ጣቱ የፊደሉን መንገድ ያውቀዋል ማለት ነው። ይህን በኮሌጅ ሳለሁ በሁለት መስመር አንብቤ ለፈተና ጽፌዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን የአባቴን ጭራሮ ካየሁ በኋላ ነው። ሮማዊቷ ሐኪምም ሆኑ ስማቸው ያልተጻፈው፣ አቡጊዳን ያሰናዱት ሊቅ፣ ያስጨነቃቸው አንድ ጉዳይ ነው፦ ልጁ የሚያውቅ መስሎ ሳያውቅ እንዳያልፍ። ዘመናዊ የሚባለው አስተምህሮ በየትኛውም ስም ቢጠራ ፍሬ ነገሩ ይህ ይመስለኛል። ልጁን ማየት። ዛሬ የት ላይ እንዳለ ማወቅ፣ ከዚያ ላይ አንድ እርምጃ እንዲራመድ ቦታና ጊዜ መስጠት።

የእኔ ትውልድ «ዘመናዊ» ሲባል ያገኘው ሌላ ነገር ነበር። በ1997 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ስንገባ ክፍላችን ውስጥ ፕላዝማ ተሰቅሎ ጠበቀን። ትምህርቱ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፋል፤ መምህራችን መጀመሪያ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ያስተዋውቃሉ፣ መጨረሻ ላይ ሌላ አምስት ደቂቃ ያጠቃልላሉ፣ መካከሉ የስክሪኑ ነው። እስካሁን የማልረሳው የሒሳብ ክፍለ ጊዜን ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትሰጥና ሰዓት መቁጠሪያ ይመጣል፤ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ ሰዓቱ ያልቅና «በጣም ጥሩ! አሁን መልሱን እንይ» ትላለች። ማንን ነው በጣም ጥሩ የምትለው? አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ መጀመሪያ አካባቢ እጇን ታወጣ ነበር፤ ስክሪኑ እንደማያያት ታውቃለች፣ ግን እጅ ማውጣት ልማዷ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተወችው። መምህራችን ጥግ ላይ ቆመው፣ የገባንና ያልገባንን ከፊታችን እያነበቡ፣ ማቆም የማይችሉትን ነገር ይመለከቱ ነበር። መብራት ሲጠፋ ጠመኔ አንሥተው የሚያስተምሩን ትምህርት ግን ዛሬም ድረስ አብሮኝ አለ። መሣሪያው መጥፎ ነበር አልልም፤ ከአዲስ አበባ ርቆ፣ የፊዚክስ መምህር በሌለበት ቦታ፣ ለአንዳንድ ልጅ ደርሶለት ይሆናል። እጅ ስታወጣ የሚያያት ሰው ያጣች ልጅ ግን በዓመቱ መጨረሻ ከሒሳብ ጋር ተለያይታ ነበር።

መምህርት ስሆን ያንን እንዳልደግም ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌን ጠብቄያለሁ ለማለት ግን አልደፍርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በወረቀት ላይ ያስቀመጣቸው ነገሮች ብዙዎቹ ዛሬም አንጀቴን የሚያርሱ ናቸው፦ ሕፃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር፣ በታችኛው እርከን አንድ መምህር ልጆቹን በቅርብ እያወቀ ይያዛቸው፣ ምዘናውም ዓመቱን ሙሉ የሚከታተላቸው ይሁን። እነዚህ ነገሮች ከ50 በላይ ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ ሲገቡ ምን እንደሚሆኑ ያየሁት ግን በገዛ ዓይኔ ነው። ተከታታይ ምዘና ልጁ የት ላይ እንደተቸገረ ለማወቅ የታሰበ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ተከታታይ ፈተና ሆነ። ከ5 ይፈተናሉ፣ ከ10 ይፈተናሉ፣ የቤት ሥራ ከ5፣ የክፍል ተሳትፎ ከ5፤ እኔም ሌሊት ተቀምጬ ማርክ እደምራለሁ። «ሹ»ን ከ«ሽ» መለየት ያቃተው ልጅ ከ10 ሦስት ማግኘቱን በሚገባ አውቃለሁ፤ የት ላይ እንደተሰናከለ ግን ሄጄ አጠገቡ የምቀመጥበት ሰዓት የለኝም። የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ሲመጣም እንዲሁ ነው የሆነው። የበረታው ልጅ የደከመውን እንዲያስቀጽል የታሰበ ይመስል ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ይገለብጣሉ፣ እኔም የአምስቱንም ስም ጽፌ ለርእሰ መምህሩ አስረክባለሁ። የኔታ ዘንድ አስቀጻዩ ልጅ ጓደኛው ካላወቀ እሱም ይጠየቃል፤ እኛ ዘንድ የሚጠየቀው ወረቀቱ ነው።

ይህ የእኔ ክፍል ብቻ ቢሆን ኖሮ በራሴ ብቻ ባዘንኩ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አዲስ አበባ በዚያ ምዘና ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት ነበራት፤ ቢሆንም ውጤቱን በሰማሁ ጊዜ ፊቴ ላይ የመጣው የእነዚያ ልጆች ቁጥር ሳይሆን በተራ እየዘመሩ ያልተያዙ ልጆች መልክ ነበር። ከእነዚያ ልጆች በሁለት ዓመት የሚከተሉት በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ደረሱ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ሁሉ ደነገጠ፤ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ኮሮና ብዙ ተባለ፣ የተባለውም ውሸት አልነበረም። እኔ ግን በዚያን ሳምንት ክፍሌ ገብቼ፣ ከኋላ የተቀመጡትን ልጆች አንድ በአንድ አጠገቤ እያስቀመጥኩ፣ ገበታው ላይ ከተራ ውጭ ማስነበብ ጀመርኩ። ከ50ዎቹ አሥራ አንዱ እንደ ልጄ ነበሩ። በግንቦት ወር ወደ አራት ወረዱ። ይህን ለማድረግ በቀን ሃያ ደቂቃ እንጂ ሌላ ያወጣሁት ነገር የለም፤ ሃያ ደቂቃዋንም ያገኘኋት ከፈተናው ሰዓት ቀንሼ ነው።

ስለዚያው ዓመት ልጆች አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በግንቦት ክፍሌን ይዤ ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ሽቅብ በእግር ወጣን፤ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ለማየት። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ስለተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስላስቆጠረችው፣ ከአካሏ 40 በመቶ ያህሉ ስለተገኘላት ፍጥረት መንገድ ላይ ነግሬያቸዋለሁ። ውስጥ ገብተን መስታወቱን ከበቡ። ዓመቱን ሙሉ ተጠርቶ «አቤት» ከማለት በቀር ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ አንድ ልጅ ነበር፤ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየና ወደ እኔ ዞሮ «ቲቸር፣ ስትሞት ማን ቀበራት?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። አብረን እንጠይቅ ብዬ አስጎብኚው ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው ተንበርክኮ፣ ከልጁ ዓይን ጋር እኩል ሆኖ፣ ሰዎች ሳይሆኑ ደለልና ጭቃ ቀስ በቀስ እንደሸፈኗት፣ ጭቃውም ዘመን ሲቆጠር ድንጋይ እንደሆነ፣ ስለዚህም አጥንቷ ሳይጠፋ እንደቆየ ነገረው። «እንግዲያስ ጭቃው ነው የቀበራት» አለ ልጁ። ከዚያ ቀን በኋላ ይህ ልጅ መጠየቅ አላቆመም። በማግስቱ አጥንቶቿን ሥሎ መጣ፤ ከሥዕሉ ሥር «ድቅነሽ» ብሎ ጽፎ ነበር፣ «ን» ጠፍታበት። ስሟን ከነሙሉው ለመጻፍ ሲል ብቻ «ን»ን በየመጽሐፉ እየፈለገ ያገኛት ነበር። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶች፤ እኔ ግን ለዘጠኝ ወር ያህል ይህ ልጅ እንዲጠይቅ አንድም ምክንያት አልሰጠሁትም ነበር። ከ10 የፈተንኩት ፈተና ሁሉ እኔ የምጠይቅበት፣ እሱ የሚመልስበት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ስለ ሥነ ዘዴ በሚነገርባቸው አዳራሾች ብዙ ጊዜ የማይነሣ። ያ ልጅና መሰሎቹ ለምን በዚያ ዓመት ዓይናቸውን መግለጥ እንደቻሉ ስጠየቅ መጀመሪያ የምጠቅሰው ምገባውን ነው። በ2012 ዓ.ም. የከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት ከመጀመራቸው በፊት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ዴስክ ላይ የሚደፉ ራሶች ነበሩ። «አሞህ ነው?» ስትዪው «አይ ቲቸር» ይላል እንጂ ራበኝ አይልም። ባዶ ምሳ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ልጅ ነበረኝ፤ በእረፍት ሰዓት እንደሚበላ ሆኖ ጥግ ይዞ ይቀመጥና ከፍቶ ይዘጋዋል። ያንን ዕቃ አንድ ቀን በአጋጣሚ ያነሣሁ ጊዜ ቅለቱ እስካሁን እጄ ላይ አለ። ምገባው ሲጀመር ልጆቹ የተለወጡት በሳምንታት ውስጥ ነው። የትኛውም አስተምህሮ፣ ሮም ተፈለሰፈ ጎጃም፣ የሚጀምረው ከጠገበ ሆድ ነው።

ወደ ልጄ ልመለስ። ኬጂ የሚለው ቃል ኪንደርጋርተን ከሚለው የጀርመን ቃል የመጣ ነው፤ በ1840 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፍሪድሪሽ ፍሮብል የተባለ ጀርመናዊ መምህር ያወጣው ስም ሲሆን ትርጉሙ የሕፃናት የአትክልት ሥፍራ ማለት ነው። ሰውየው ሕፃን የሚማረው በመጫወት ነው ብሎ ያምን ነበር። የልጄ ትምህርት ቤት የኪራይ ቪላ ነው። ግቢው በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ከአጥሩ ሥር በጀሪካን የተተከሉ ሁለት ጽጌረዳዎች አሉ። ጠዋት ሦስት ወርክሺት ይሠራሉ፣ ከሰዓት ሁለት፤ አራት መስመር «ቢ»፣ አራት መስመር «ዲ»። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው፤ «ሜይ አይ ጎ አውት» ማለት ያልቻለ ልጅ ሽንት ቤት ለመሄድ ጓደኛውን ይልካል። ማታ ደግሞ የቤት ሥራ። እኔ በአማርኛ ማንበብ የማስተምረው በዚያው ዕድሜ አካባቢ ያለ የሌላ ሰው ልጅ አለ፤ የራሴን ልጅ ግን ቤት ውስጥ ሰምቶት በማያውቅ ቋንቋ ፊደል እንዲሥል ገንዘብ እከፍላለሁ። ለምን? ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ፍርሃት ነው። ሁላችንም የምንፈራው፣ ልጃችን ከሌላው ልጅ ወደ ኋላ እንዳይቀር ነው። እንግሊዝኛ በኋላ ይረዳዋል፣ ይህ እውነት ነው፤ እንዲያውም ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደርስ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ነገር ግን በሚያስብበት ቋንቋ ማንበብ የቻለ ልጅ ያንን ችሎታ ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይዞት ይሻገራል፤ በሁለቱም ዜማ ብቻ የያዘ ልጅ ግን የሚሻገርበት ነገር የለውም።

በየካቲት መጀመሪያ ላይ ቀጠሮ ይዤ የልጄን መምህርት ላነጋግራት ሄድኩ። ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ድምፀ ለስላሳ ልጅ ናት። ስለ ጭራሮዋና ስለ «ሹ» ነገርኳት። አልተከላከለችም። ተነሥታ ከክፍሉ ጥግ ካለው ቁም ሣጥን የጫማ ካርቶን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ ቆርኪ ነበር። ከየሱቁና ከየግሮሰሪው ለቅማ፣ አጥባ፣ ጠርዛቸውን እጅ እንዳይቆርጥ በመዶሻ ቀጥቅጣ፣ በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ለጥፋ ፊደል የጻፈችባቸው ከሁለት መቶ በላይ ቆርኪዎች።

«ከመስከረም እስከ ጥቅምት በዚህ ነበር የማስተምራቸው» አለችኝ። «እያንኳኩ፣ እየደረደሩ፣ እየተደባደቡባቸውም ጭምር። ከዚያ ወላጆች መጠየቅ ጀመሩ፤ ደብተሩ ለምን ባዶ ሆነ እያሉ። ዳይሬክተሯ ጠርታ አነጋገረችኝ፣ እኔም ወደ ወርክሺቱ ተመለስኩ።» ጥቂት ዝም አለችና፣ እንዳትጎዳኝ እየተጠነቀቀች፣ «እርስዎም ጽፈው ነበር» አለችኝ።

የልጄን የኮሙኒኬሽን ደብተር አምጥታ የጥቅምት ወርን ገለጠችልኝ። የገዛ እጅ ጽሑፌ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ እንደ መምህርት፦ «ልጄ ትምህርት ቤት ምን እየተማረ እንደሚውል ማወቅ አልቻልኩም። ደብተሩ ላይ ምንም አላየሁም። እባክዎ የቤት ሥራ ይሰጠው።» መጻፌን ጨርሶ ረስቼው ነበር። ሌሊት የሰው ልጅ ማርክ ስደምር ቆይቼ፣ ደክሞኝ፣ በቁጣ የጻፍኩት መሆን አለበት። የክፍሉ ትንንሽ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ እንደተቀመጥኩ ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም የእኔን ይቅርታ ለመቀበል እንኳ ጊዜ አልፈጀችም፤ ወዲያው ከካርቶኑ ውስጥ የጎደሉትን ፊደላት ትቆጥርልኝ ጀመር። ከ231ዱ አሥራ ሰባት ጠፍተዋል፤ ልጆች በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ አለች፣ በደስታ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። እሷ ከመክሰስ በኋላ ሃያ ደቂቃ ካርቶኑን ታወጣለች፤ እኔ ደግሞ በመጋቢት በሚደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ጥቅምት ላይ የጻፍኩትን ራሴ አንብቤ፣ ባዶ ደብተር ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል እናገራለሁ። ስብሰባው ተደረገ፣ ተናገርኩም። አንድ አባት «ታዲያ ለዚህ ነው ይህን ያህል የምንከፍለው?» አሉ፣ አንዳንዶች አጉረመረሙ፤ ሁለት እናቶች ግን ሲወጡ ደጃፍ ላይ ጠብቀውኝ ስለ አቡጊዳ ጠየቁኝ። ወርክሺቱ ከአምስት ወደ ሦስት ወርዷል። እንግሊዝኛው እንዳለ ነው።

ለቤታችን የሚሆን ቆርኪ የለቀሙት አባቴ ናቸው፤ ከሠፈራችን ሱቅ ደጃፍ ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ ያየቻቸው ጎረቤት ደንግጣ ስልክ ደወለችልኝ። ማታ ማታ መሶቡን አንሥተን ጠረጴዛው ላይ እንዘረግፈዋለን። አባቴ መጀመሪያ እንደ የኔታ ይጠይቁ ነበር፤ ልጁ ግን በሁለተኛው ሳምንት ጨዋታውን ገለበጠባቸው። አሁን የሚጠይቀው እሱ ነው። አንዱን ቆርኪ በመዳፉ ሸሽጎ «እንቆቅልሽ» ይላል፣ አያቱ «ምን አውቅልህ» ይላሉ፣ ድንገት ገልጦ ያሳያቸውና መልሶ ይጨብጠዋል። መነጽራቸውን እስኪያደርጉ አይጠብቃቸውም። ሲስቱ «አባባ፣ አገር ስጠኝ» ይላል። እስካሁን ጎንደርን፣ ሐረርንና ጅማን ወስዶባቸዋል።